ቺክቺካችን ኦርጋን ውስጥ እንዴት ገባ



ጋዜጣችን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ኢቃማ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሆስፒታል ነው። ልክ ነው፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገን እሱ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ኦርጋን ልጽፍላችሁ ነው፤ ኪቦርድ ስለምንለው ማለቴ ነው። ከዚያም ውስጥ ስለ ሪትሙ። በግራ እጅ ቁልፍ ስንነካ ከውስጥ የሚነሳው ከበሮና ቤዝ ከየት መጣ? ማን ሠራው? የኛ ጭፈራ ለምን እዚያ ውስጥ አልነበረም? በኋላስ እንዴት ገባ? ይኼ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ሰው ካለ የእሁድ ጨዋታችንን ያስታውስ። የመረዳጃ ሳጥናችን አንዱ ገቢ እሱ ነው። ሪትሙ ካልጣመ ሰው ከወንበሩ አይነሳም፤ ካልተነሳ አይሸልምም፤ ካልሸለመ ደግሞ ለተኛችው እህት መድኃኒት የሚገዛ ብር የለም። ሙዚቃ አያበላም የምትሉ እህቶች አላችሁ፣ አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን ሲያበላ አይቻለሁ።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ።

በመጀመሪያ ሪትም (አንዳንዱ ስታይል ይለዋል) ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ሰው ሳጥኑ ውስጥ እንደ ካሴት የተቀዳ ሙዚቃ ያለ ይመስለዋል። አይደለም። ይልቅ እንደ ጥልፍ ንድፍ አስቡት። ንድፉ ወፍራሙ ከበሮ የት ላይ ይምታ፣ ቀጭኑ የት ላይ ይምታ፣ ቤዙ የት ላይ ይግባ ይላል፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጥልፍ ስለሆነ ክሩን መቀየር ይቻላል። አንዱን ነጥብ ፈትቶ ሌላ ቦታ መውጋትም ይቻላል። ይኼ ሁሉ ጽሑፍ በዚህ «ይቻላል» ላይ የቆመ ነው።

ድሮ ከበሮ የሚመታው ሰው ነበር፣ ሌላ ምን ይኖራል። በ1959 አሜሪካ ውስጥ ውርሊትዘር የሚባል ኩባንያ «ሳይድ ማን» የሚባል ማሽን ለገበያ አወጣ። ትንሽ ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ነው። ውስጡ አንድ ዲስክ ይሽከረከራል፤ ዲስኩ ሲዞር የተተከሉትን መነካኪያዎች እየነካ ያልፋል፤ በተነካ ቁጥር አንድ የከበሮ ድምፅ ይወጣል። ዋልስ አለው፣ ታንጎ አለው፣ ቻቻቻ አለው። ሥራው ብቻውን ኦርጋን ለሚጫወት ሰው አጃቢ መሆን ነበር። ስሙም «የጎን ሰው» እንደማለት ነው።

ያ ማሽን ጃፓን ደረሰ። ቶኪዮ ውስጥ ሺንጁኩ በሚባለው የጭፈራ ቤቶች ሰፈር ታዳሺ ኦሳናይ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች በዚህ ማሽን ይታጀብ ነበር፣ ግን አልወደደውም። ከዚህ የተሻለ መሥራት እችላለሁ ብሎ እዚያው ሰፈር የምሽት ክበብ የነበረውን ጹቶሙ ካቶን አማከረ። ካቶ ገንዘቡን አወጣ፣ በ1963 «ዶንካ ማቲክ» የሚባለውን ማሽን አወጡ። «ዶን» እና «ካ» የከበሮ ድምፅ ነው፤ እኛ «ድም ድም» እንደምንለው። ያ ትንሽ ሥራ ቤት ዛሬ ኮርግ የምንለው ኩባንያ ሆነ። የሊባኖስ ሠርግ ላይ የምታዩት ኦርግ እኮ ዘሩ ከዚህ ነው፦ አንድ አኮርዲዮን ተጫዋች በተሰጠው ሪትም ባለመርካቱ።

ይኼን ስጽፍ ሥራቸውን ያጡትን ከበሮ መቺዎች ማሰቤ አልቀረም። ማሽኑ አይታመም፣ እራት አይፈልግም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። በ1982 ለንደን ውስጥ የሙዚቀኞች ማኅበር አንድ ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይከልከል ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሰዎች ሳቁባቸው። እኔ አልስቅም። ማኅበር የሚባለው ለዚህ ነው፣ አባሉ እንጀራው ሲነካበት እንዲጮህ። ግን ክልከላው አልሠራም። ማሽኑም እየረከሰ፣ እያነሰ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ገባና ጠቅልሎ አንድ ሳጥን ሆነ።

እዚህ ጋ አንዲት ሴት አለች፣ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋት አታውቁም። ሂሮኮ ኦኩዳ ትባላለች፣ ጃፓናዊት ናት። በ1980 ከሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደወጣች ካሲዮ ቀጠራት፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ኤም ቲ 40 ለምትባል ትንሽ ኪቦርድ ሪትሞቹን አንቺ ሥሪ ተባለች። ኪቦርዷ በ1981 ወጣች። ከሪትሞቹ አንዱ «ሮክ» የሚል ስም ተሰጠው። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት እያለች የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በሬጌ ላይ ነበር። በ1985 ጃማይካ ውስጥ ዌይን ስሚዝ የሚባል ዘፋኝ ያችን ኪቦርድ ይዞ ቁልፏን ሲጫን ያ «ሮክ» የተባለው ሪትም ተነሳ፤ ፕሮዲውሰሩ ጃሚ ፍጥነቱን ቀነሰውና «ስሌንግ ቴንግ» የሚባለው ዘፈን ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያ በአንድ ሪትም ላይ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ተሠርቷል። የጃማይካን ሙዚቃ ወደ ማሽን ያዞረው ያ ሪትም ነው ይባላል፤ የሠራችው ደግሞ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠች አዲስ ተቀጣሪ። ስሟ ኪቦርዱ ላይ አልተጻፈም። የሰው ቤት የሚያጸዳ ሰው ይኼ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

ወደ አገራችን ልምጣ።

በንጉሡ ጊዜ ትልልቆቹ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ። ከበሮ የሚመታው፣ መለከት የሚነፋው የመንግሥት ደመወዝ ያለው ሰው ነው። በኋላ በየሆቴሉ የግል ባንዶች መጡ። ከነሱ ውስጥ ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር፤ ኦርጋኑ ላይ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ መውጣት ስለማይቻል ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ወይ በጊዜ ይወጣል፣ ወይ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ሙዚቀኞቹም አብረው ሲጫወቱ ያድራሉ። ዋልያሶች በ1977 ያለ ዘፋኝ፣ በሙዚቃ ብቻ የተሠራውን «ቸበለው» የሚባል ሸክላ አወጡ። ዛሬ ፈረንጁ ሁሉ የሚያብድለት «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

በ1981 ዋልያሶች አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ባንድ የለም፣ ከበሮ መቺ የለም፣ ቤዝ የለም። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን ያዘ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ጨመረ፣ በከበሮ መቺው ቦታ ደግሞ ማሽን አስቀመጠ። ድምፁን እያነባበረ ብቻውን ባንድ ሆነ። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት እሱ ነው። ማሽኑ እንደ ሰው አይወዛወዝም፣ ደረቅ ነው፣ ያስታውቃል። ግን ያ ደረቅ ምት ላይ አኮርዲዮኑ ሲመጣበት ያገር ቤት ነገር ይሆናል። ስሰማው ሁልጊዜ የምለው፣ ይኼ ሰው ባንዱን በሙሉ ከትዝታው አውጥቶ ነው የሠራው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ፣ ኪቦርዱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ እስኪመጣ በባትሪ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ጋሽ ኃይሉም በስተርጅና ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ ሥራ አወጣ። እኛ እቃ አጥበን ስንጨርስ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ የምንለማመደው ያው አይደል? ልዩነቱ እሱ መኪና አለው።

አገር ቤት ደግሞ በዚያው ዘመን ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ለንፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች መክፈል ከበደ፣ ኪቦርዱ የመለከቱንም የሳክስፎኑንም ድምፅ «እኔ አለሁ» አለ። እኔ ደሴ ሳድግ የማውቀው የሠርግ ሙዚቃ አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነበር። ያ ሰው ጃፓን የሠራው ሳጥን ይዞ የወሎን ሰው ያስጨፍራል። እንዴት? አሁን ወደ ዋናው ነገር እየመጣን ነው።

ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ ዋልስ፣ ቦሳኖቫ፣ ሮክ፣ ዲስኮ፣ ሬጌ ምናምን አለው። ቺክቺካ ያለው ግን አላየሁም። ቺክቺካ የምንለው እስክስታ የሚመታበት ነው፤ ሙዚቀኞች ስድስት ስምንተኛ ይሉታል። ስድስት ነጥብ ይቆጠራል፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ተደርጎ። ደስ የሚለው ግን ያንኑ ስድስት ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎም መስማት ይቻላል። እግር አንዱን ይቆጥራል፣ ትከሻ ሌላውን ይቆጥራል፣ ጭብጨባ መሃል ይገባል። ዋልስም በሦስት ነው የሚሄደው፣ ግን ዋልስ ላይ እስክስታ ውረዱ ብትባሉ ትከሻችሁ አይታዘዝም። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ነው። የትግርኛው ጓይላ ደግሞ ጭራሽ በዚህ አይቆጠርም፣ እያነከሰ የሚሄድ ምት ነው፣ ለማሽን ያስቸግራል።

ሁለተኛው ችግር ከከበሮውም ይብሳል። ማሽኑ ከበሮ ብቻ አይመታም፣ በግራ እጃችሁ የነካችሁትን ይዞ ኮርድ ይሠራል። ያማሃ ላይ የስታይሉ ንድፍ ሲሠራ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ በሚባል ኮርድ ነው የሚጻፈው፤ እናንተ ሌላ ስትነኩ እሱ እያዛወረ ይሄዳል። የኛ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ትዝታን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ «ሲ» የሚባል ነገር የለውም። አምባሰልማ ይባስ፦ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ። «ሚ» ጭራሽ የለም፤ ሙሉውም፣ ዝቅ ያለውም። ስለዚህ አምባሰል እየዘፈናችሁ ማሽኑ የራሱን «ሚ» ከኋላ ሲጨምርባችሁ ወጥ ውስጥ ስኳር የገባ ያህል ነው። ዘፋኟ ድምፄ ተበላሸ ብላ ትደነግጣለች፣ እሷ ምንም አልሆነችም፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው።

ያገር ቤት ተጫዋቾች ለዚህ ያገኙት መላ ቀላል ነው። ኮርዱን ያጠፉታል፤ ከበሮና ቤዝ ብቻ ያስቀራሉ። በግራ እጅም ሙሉ ኮርድ አይነኩም፣ ዶና ሶልን ብቻ ይነካሉ፣ መሃሉን ባዶ ይተዉታል። ያማሃ ይህን ዓይነት አያያዝ ለብቻው ያውቀዋል፣ አንደኛና አምስተኛ ብሎ ይጽፋል። ሪትሙን ደግሞ ነጥብ በነጥብ እየፈቱ ቺክቺካ አደረጉት።  የሠሩት የሠርግና የምሽት ቤት ተጫዋቾች ናቸው፣ መጀመሪያ በዲስኬት፣ ከዚያ በፍላሽ፣ አሁን በቴሌግራም እየተቀባበሉ። ማን የቱን እንደሠራው የተጻፈ ነገር የለም። ልክ እንደ ኦኩዳ።

አሁን ወደ ሊባኖስ። እዚህ ኪቦርድን «ኦርግ» ይሉታል። በበጋ በኻልዴ ባሕር ዳር ሠርግ ሲኖር ከምሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ እሰማለሁ፣ ከአውሮፕላኑ ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ። ደብኬው ሲጀመር ሃያ ሰው ነው የሚመታው ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የዚህ አጨዋወት ትልቁ ስም ሪዛን ሰዒድ ነው፤ ከሶሪያ ራስ አል ዐይን የወጣ፣ ከዘፋኙ ዑመር ሱለይማን ጋር በሠርግ ላይ ሲጫወት ኖሮ ዓለም ያወቀው። በ2015 ያወጣው አልበም ስሙ «የኪቦርድ ንጉሥ» የሚል ነው፣ ተገቢ ነው።

ዐረቦቹም የኛው ችግር ነበረባቸው። የነሱ መቃም ውስጥ ሩብ ድምፅ አለ፣ ከነጩና ከጥቁሩ ቁልፍ መሃል የሚወድቅ። የፈረንጅ ኪቦርድ ያንን አያወጣም። ግን ገበያቸው ትልቅ ነው። ኩባንያዎቹ እየመጡ «ኦሪየንታል» የሚባል ኪቦርድ ሠሩላቸው፤ የመረጣችሁትን ድምፅ ሩብ የሚያወርዱ ትንንሽ ቁልፎች ፊት ለፊቱ ላይ አሉት፣ ውስጡ መቅሱም፣ ሰዒዲ፣ መልፉፍ፣ ደብኬ፣ ኸሊጂ ሞልቶታል። ለኛ እንዲህ ሲሠራልን አላየሁም። ሙዚቃችን አንሶ ሳይሆን እንደ ገዢ ስላልተቆጠርን ይመስለኛል። ሆኖም ኦሪየንታል ኪቦርድ ለኛ ከፈረንጁ ይሻላል፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

የማኅበራችን ኪቦርድ ከእሁድ ገበያ፣ ከሱክ አል አሐድ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ኦሪየንታል ያማሃ ነው። ያኔ እኔ አዲስ ነበርኩ። ተጫዋቿ በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት እህታችን ነበረች፤ ስሟን መጻፍ አልፈቀደችልኝም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ እትዬ ነበር የምንላት። መጀመሪያ በመቅሱም ነበር የምታጫውተን። መቅሱም በአራት የሚሄድ ነው፦ ዱም፣ ተክ፣ ተክ፣ ዱም፣ ተክ። ጥሩ ምት ነው፣ ግን እስክስታ ሲወረድበት ትከሻችን ይሰናከላል። አንዷ «ማዳም ቤት ያለሁ መሰለኝ» ብላ ተቀመጠች። ያን ቀን የተሰበሰበው ትንሽ ነበር።

እትዬ ምን አደረገች? ዐረቦቹ ኪቦርድ ውስጥ የኢራን ስድስት ስምንተኛ አለ፣ ኢራኖች ጭፈራቸው በስድስት ነው። ያንን አወጣች። ስታይል መሥሪያ የሚባለው ገጽ ውስጥ ገብታ ስምንቱን መስመር አየች፦ ሁለት የከበሮ፣ አንድ የቤዝ፣ ሁለት የኮርድ፣ አንድ ከኋላ የሚሳብ ድምፅ፣ ሁለት የጌጥ። የኮርዱንና የጌጡን ሰረዘች። ከከበሮው ደርቡካውን እያወጣች በምትኩ ወፍራም ቶምና ኮንጋ አስገባች፤ የከበሯችን ሰፊው ፊት ቶሙ፣ ጠባቡ ፊት ኮንጋው ነው አለችን። ጭብጨባ ጨመረች። ቤዙን እንደገና መታችው፣ ዶና ሶል ብቻ። ከዚያ ለማለፊያው፣ ለመግቢያውና ለማቆሚያው እንዲሁ። አንዱን ሪትም ለመጨረስ ስንት እሁድ እንደፈጀባት እኔ ምስክር ነኝ። ያላት ጊዜ እኮ እሁድ ብቻ ነው፣ እሱም ማዳሟ ከፈቀደች።

ሌላም መንገድ አለ፣ ለጀማሪ ይቀላል። እዚያው ገጽ ላይ ግሩቭ የሚባል ክፍል አለ፤ በስምንት የሚቆጠረውን ሪትም ወደ አሥራ ሁለት ለውጥ ስትሉት እያንዳንዱን ሁለት ነጥብ ወደ ሦስት ያዘነብለዋል። በአራት ምት ውስጥ ሦስት ሦስት፣ አሥራ ሁለት፤ ሁለት ስድስት ማለት ነው። በአንድ ቁልፍ ቺክቺካ አይሆንም፣ እንዳትሸወዱ፣ ግን መነሻ ይሆናል። ከዚያ ከባዱን ምት ማዘዋወር የናንተ ሥራ ነው። ትንንሾቹ ርካሽ ያማሃዎች ስታይል አያርሙም፣ ቢበዛ የተሠራ ፋይል መቀበል ነው የሚችሉት። ካሲዮ ከሆነ ግን ሪትም ማረሚያ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ ስትገዙ ጠይቁ። ሻጩ «ኩሉ ፊ» ይላችኋል፣ ራሳችሁ ነክታችሁ እዩ።

የመጀመሪያው ቺክቺካ የተሰማ ቀን ምን እንደሆነ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ወንበር ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ለሁለት እህቶች ትኬት የተቆረጠው ከዚያ ሽልማት ነው። ከዚያ የጉራጌውን ሠራች፣ ያው ስድስት ሆኖ በጣም ፈጣን። የወሎውን ዝግተኛ ሠራች። አንድ ደግሞ ነበረ፣ «የኻልዴው» የምትለው፤ ቺክቺካ ሆኖ ከሥሩ የደብኬ እግር የሚረግጥ። ዐረብ ሰፈር ሆነን ዐረብ ሳንሆን የሰማነው ነው ትል ነበር።

ከዚያ 2020 መጣ። ያን ዓመት ምን እንደነበረ ማንም አይነግረንም፤ ዶላር ጠፋ፣ ኮሮና መጣ፣ ሐዝሚዬ ቆንስላው በር ላይ ሴቶች ከነሸንጣቸው እየተጣሉ አደሩ፣ ነሐሴ አራት ቀን ወደቡ ፈነዳ። እትዬ በዚያ ዓመት ነው አገሯ የገባችው፣ ያልተከፈላት ደመወዝ እዚሁ ቀርቶ። ፍላሿ ከሸንጣዋ ጋር ሄደ። ሪትሞቹ ግን ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ቀሩልን፣ በነሱ እኔ መነካካት ጀመርኩ።

በ2024 መስከረም ጦርነቱ ሲብስ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ሸሸን። ኪቦርዱ ያለበትን ክፍል ቆልፈን ነው የወጣነው። ኅዳር ማለቂያ ላይ ተኩስ ቆሞ ስንመለስ እርጥበት ገብቶበት አልነሳ አለ። ሠሪ ቤት ወሰድነው። ሠራተኛው አስነሳው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሲያስነሳው ግን ወደ ፋብሪካው መልሶት ነበር። የተጨመረው ሁሉ ተሰረዘ። ዋልሱ አለ፣ መቅሱሙ አለ። የኛ አንድም የለም።

ለእትዬ በስልክ ነገርናት። ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ ፍላሿን ከዕቃዋ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፣ የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር አስይዛ በቴሌግራም ላከችልን። የስታይል ፋይል በጣም ትንሽ ነው፣ አንዱ ሪትም ስልካችን ላይ ካለ አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ያን ሁሉ እሁድ የፈጀ ሥራ በአንድ ደቂቃ ደረሰን። ቺክቺካው፣ የጉራጌውና የወሎው አሁን ኪቦርዱ ውስጥ አሉ። ሦስቱንም በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቻለሁ፣ ከሳጥኑ ጋር እንዲቀመጥ። የራሳችሁ ኪቦርድ ያላችሁ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ እገለብጥላችኋለሁ፣ በነፃ ነው።

«የኻልዴው» ግን ፍላሿ ውስጥ የለም። መጨረሻ ላይ የሠራችው ስለሆነ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። እሷም አሁን ኦርጋን የላትም፣ በአፏ እየመታች በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፣ ከበሮውን ያዝኩት፣ ቤዙ ግን የት ላይ እንደሚረግጥ አልያዝኩትም። አንዲት እህት ስልክ ላይ ከተቀረጸ ጨዋታ ጥቂት ተገኝቶ ነበር፣ ግን እልልታው ቤዙን ሸፍኖታል። ስለዚህ በ2018ም ሆነ በ2019 በእሁድ ጨዋታችን ስልካችሁ የቀረጸው ቪዲዮ ያላችሁ፣ ቦታ ሞላብኝ ብላችሁ እንዳታጠፉት። የተቀረጸው የሰው እግር ብቻ ቢሆንም አምጡልኝ፣ እግር ካለ ቆጥሬ አወጣዋለሁ።